ልጁ ቋቅ ሲል ምግቡን ማቅጠን አይረዳውም

በደብረ ብርሃን ከተማ ለወላጆች፣ ለአያቶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ አያቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ በተለይም ምግቡ ወፈር ሲል ወይም ምላሱ ላይ ጓል ሲያጋጥመው፣ ምላሱን አውጥቶ ቋቅ ይላል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ አንዳንዴም የበላውን ይመልሰዋል። እናት ትደነግጣለች፣ አያት «አንቺ ልጁን ልትገዪው ነው» ይላሉ፣ በማግስቱም ገንፎው ቀጥኖ አጥሚት ይሆናል፣ አጥሚቱም ብዙ ሳይቆይ ጡጦ ውስጥ ይገባል። በሕፃናት ነርስነት ስሠራ ከመንዝም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላም ከሚመጡ እናቶች የምሰማው ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው። ልጁ ዓመት ሊሞላው ሲል ሲመጣ ክብደቱ ቆሟል፤ ከማንኪያ የሚቀበለውም ውሃ የመሰለ ነገር ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው፣ ቋቅ ማለቱ በአብዛኛዎቹ ሕፃናት ዘንድ መብላትን የመማር አካል መሆኑንና ጉዳቱን የሚያመጣው በፍርሃት ምግቡን አቅጥነን ለወራት በዚያው መቆየታችን መሆኑን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፍ አሠራር ነው። አዋቂ ሰው ቋቅ የሚለው የምላሱ ሥር ወይም የጉሮሮው አፋፍ ሲነካ ነው። በስድስት ወር ሕፃን ግን ይህ ስሜት ወደ ፊት ቀርቦ የሚገኝ በመሆኑ የምላሱ መሃል ሲነካ እንኳ ይቀሰቀሳል። እንዲህ የሆነው ለጥበቃ ነው፤ ገና ማኘክ ያልተማረ አፍ፣ ያልደቀቀ ነገር ወደ ጉሮሮ እንዳያልፍ በሩቁ ይመልሰዋል። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ወር ባለው ጊዜ ስሜቱ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለመሸሹ የዕድሜው መግፋት ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ጣቱን፣ መጫወቻውን፣ የእናቱን ነጠላ ጫፍ አፉ ውስጥ እየከተተ፣ ልዩ ልዩ ውፍረት ያለውን ምግብም እየቀመሰ ምላሱን ሲያለማምድ ነው የሚሸሸው። ስለዚህ አፉ ለስላሳ ነገር ብቻ የለመደ ልጅ በ10 ወሩም በ6 ወሩ እንደነበረው ቋቅ ቢል ሊያስገርመን አይገባም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ምላሱ ምግቡን ወደ ውጭ መግፋቱ ነው። ጨቅላ ሕፃን ከንፈሩና ምላሱ ላይ ያረፈውን ሁሉ በምላሱ ይገፋል፤ ይህ ጠባይ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ድረስ እየጠፋ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገንፎው አገጩ ላይ ሲፈስ «አልወደደውም» ብሎ መደምደም የሚቸኩል ሰው ብዙ ነው። ልጁ ግን ገና ወደ ኋላ ማሳለፍን እየተማረ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን ሁሉም ሰው ልብ ብሎ እንዲሰማኝ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ቋቅ ማለትና መታነቅ ለየቅል ናቸው፣ የሚጠይቁት እርምጃም ተቃራኒ ነው። ቋቅ የሚል ልጅ ድምፅ አለው፤ ያስላል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ምላሱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ምግቡንም ራሱ ወደ ፊት ያመጣዋል። ይህን ልጅ ቀና አድርጎ ይዞ በእርጋታ መጠበቅ ይበቃል። ጀርባውን መደብደብም ሆነ ጣት ከትቶ ምግቡን ለማውጣት መሞከር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በጭፍን የገባ ጣት ወደ ፊት ሊወጣ የነበረውን ቁራሽ ወደ ኋላ ሊሰነቅረው ይችላል። የታነቀ ልጅ ግን ዝም ይላል። ማልቀስ ወይም ማሳል አይችልም፤ አየር አልገባ ይለዋል፤ ከንፈሩና ፊቱ ይጠቁራል። ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲህ ሲሆን በክንዳችን ላይ በደረቱ አስተኝተን፣ ራሱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርገን፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችን 5 ጊዜ ጠንከር አድርገን እንመታለን፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጠን ደረቱ መሃል ላይ 5 ጊዜ እንጫናለን፤ እስኪወጣ ወይም ልጁ እስኪዝል ድረስ ሁለቱን እናፈራርቃለን፣ ሌላ ሰውም እርዳታ እንዲጠራ እንልካለን። ሆዱን መጫን ለዚህ ዕድሜ ክልክል ነው። ይህን በቃል ብቻ ሰምቶ መሄድ ስለማይበቃ ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባለሙያው በአሻንጉሊት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ቋቅ ባለ ቁጥር ምግቡን ማቅጠን ለምን ይጎዳል? አንደኛው ምክንያት የማኘክ ትምህርት ወቅት ያለው መሆኑ ነው። ማኘክ ማለት ምላስ ምግቡን ወደ ጎን ገፍቶ በድድ መካከል ማስቀመጡ፣ መንጋጋም ከፍ ዝቅ ብሎ መጫኑ ነው። ለዚህ ጥርስ አያስፈልግም፤ የመንጋጋ ጥርስ የሚበቅለው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፣ ድድ ግን የበሰለ ድንች ለመደፍጠጥ በቂ ጥንካሬ አለው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ጓል ያለው ምግብ ከ9 ወር በኋላ የጀመሩት ልጆች ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ከጀመሩት ይልቅ በ7 ዓመታቸው የአመጋገብ ችግር የበዛባቸው፣ አትክልትና ፍራፍሬም አሳንሰው የሚበሉ ሆነው እንዳገኛቸው አሳይቷል። ጥጃ ሣር መንጨት የሚጀምረው እናቱን እየጠባ ነው፤ ወተት እስኪቀርበት የሚጠብቅ ጥጃ አላየንም። ልጅም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት እየጠባ፣ ጎን ለጎን ማኘክን ይማራል።

ሁለተኛው ምክንያት የሕፃን ሆድ ትንሽ መሆኑ ነው። ቀጭን አጥሚት ሆዱን በውሃ ይሞላዋል፤ ጠግቦ ይተኛል፣ ግን አልበላም። ከስድስት ወር ወዲህ በተለይ ብረትን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ከእናት ጡት ወተት ብቻ አይሟሉም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአገር ደረጃም ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች በቀን የሚመገቡበትን ብዛትና የምግቡን ዓይነት የሚመለከተውን፣ ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶው ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ መነሻ ቋቅ ማለት ነው አልልም፤ ድህነቱም፣ ድርቁም፣ የእናት የሥራ ጫናም አለ። ነገር ግን እህሉ በጎተራ፣ ዕንቁላሉ በቤት እያለ ልጁ ቋቅ ስላለ ብቻ ቀጭን አጥሚት ሲጠጣ የሚከርምበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ወደ ምግቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ አገር ነው፣ የልጅ ገንፎም በአብዛኛው የገብስ ነው። ገንፎ መልካም ምግብ ነው፤ ሆኖም ለአዋቂ እንደሚገነፋው ጠጥሮ ሲቀርብ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ምላሱን ገና በቅጡ የማያዝ ሕፃን ደግሞ የተጣበቀውን ማላቀቅ ስለማይችል ቋቅ ይላል። ብዙ እናቶች «ወፍራም ምግብ አይችልም» የሚሉት ልጅ በእርግጥ የከበደው ውፍረቱ ሳይሆን መጣበቁ ነው። በጥቂት ቂቤ ወይም ዘይት፣ ወይም በወተት ሲለዝብ ያው ገንፎ ሳይቀጥን ይንሸራተታል። ልኩን ለማወቅ ማንኪያውን ዘንበል ማድረግ ነው፤ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፣ ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው።

ከዚህ አልፎ አንድ ነገር ልጨምር። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል አለ። ንጹሕ የገብስ ብቅል ዱቄት፣ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶ ከተራገፈ በኋላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ወስዶ ወፍራሙ ገንፎ በስሎ ለብ ሲል ውስጡ ቢማሰል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገንፎው ይላላል። ውሃ ስላልተጨመረበት የዱቄቱ መጠን ያው ነው። ከዚያ መልሶ አንድ ጊዜ ማንተክተክ ግድ ነው፤ ብቅል እርጥበት ላይ የቆየ እህል በመሆኑ ተዋሲያን አያጣውም። ይህን የምመክረው ወፍራሙን ጨርሶ አልቀበል ላለ ልጅ ለመሸጋገሪያ ያህል ነው፤ ማኘክን አያስተምርምና ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ስለ ባቄላ፣ ምስርና አተር ደግሞ የደጋ ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥራጥሬ ቆላ ላይ ከሚፈጅበት ጊዜ ይልቅ እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ውጪው ለስልሶ ውስጡ አሸዋ አሸዋ የሚል ክክ አዋቂን ብዙም አያስቸግርም፤ ሕፃኑን ግን የሚያስቸግረው ይኸው ነው። አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ገለባውን አውልቆ መቀቀል፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ምንም ፍሬ እስኪደፈጠጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። የቤተሰቡ ክክ አልጫ በርበሬ ሳይነካው ከድስቱ ተቀንሶ፣ በሹካ ተደፍጥጦ ሊሰጥ ይችላል፤ ለብቻው ሌላ ወጥ መሥራት የግድ አይደለም።

አረማመዱ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ ያለ ጓል የለሰለሰ ገንፎ ወይም የተደፈጠጠ ድንች፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ በሂደት ግማሽ ሲኒ ሳይሆን ግማሽ ኩባያ እስኪደርስ። ልጁ ይህን ከለመደ በኋላ ያንኑ ምግብ በወንፊት ወይም በመፍጫ ማሳለፉን ትተን በሹካ ብቻ እንደፈጥጠዋለን፤ ጥቂት ቆይተን ደፍጠጥ አድርገን ትንንሽ ለስላሳ ጓል እናስቀርበታለን። ጣዕሙንና ውፍረቱን በአንድ ቀን አለመቀየር ነው፤ ድንችን የለመደ ልጅ ዛሬ ድንቹ ሻከር ብሎ ይቅረብለት፣ ጎመኑ ሌላ ቀን ይደርሳል። በ8ኛው ወር አካባቢ አብዛኛው ልጅ በእጁ ይዞ መብላት ይጀምራል፤ የተቀቀለ ካሮት፣ ዱባ፣ ሙዝ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ የበሰለ ፓፓያ፣ በጣት ርዝመት ተቆርጦ ቢሰጠው ጨብጦ ጫፉን ይደፈጥጣል። በወተት በደንብ የበሰለ ቅንጬ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ግሩም ምግብ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ለስላሳና እኩል ስለሆነ ምላስን በሚገባ ያሠለጥናል። ዓመት ሲሞላው የቤተሰቡን ምግብ፣ ቅመሙና ጨው ተቀንሶለት፣ ይበላል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀጭንና ጠጣር የተቀላቀለበት ምግብ ነው። በቀጭን ሾርባ ውስጥ የሚንሳፈፍ ድንች፣ ወይም መረቅ የበዛበት ፍትፍት አፍ ውስጥ ሲገባ ፈሳሹ ቀድሞ ይሮጣል፣ ጠጣሩ ይቀራል፤ ልጁ የትኛውን እንደሚውጥ ይቸግረዋል። ገንፎ በሰላም የሚበላ ልጅ ሾርባ ላይ ቋቅ ቢል ምክንያቱ ይህ ነውና ፍትፍቱን መረቁን አሳንሶ፣ እንጀራውን አልሞ ማቅረብ ነው።

አቀማመጡም የምግቡን ያህል ለውጥ ያመጣል። ብርዳችን ከባድ ስለሆነ ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እጁ ከውስጥ ታስሮ፣ በእናቱ ጭን ላይ በጀርባው ጋደም ብሎ ነው የሚመገበው። በዚህ አኳኋን ምግቡ ስበት እየጎተተው ወደ ጉሮሮ ይሄዳል፤ ልጁም ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ቋቅ ማለት ብቻ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ የሚያርፍበት ያግኝ፣ እጆቹ ከጋቢው ይውጡ። ቤቱ ከቀዘቀዘ እግሩንና ወገቡን መጠቅለል ይቻላል። አፍንጫው በጉንፋን በተዘጋ ቀን ደግሞ አዲስ ነገር አናስጀምር፤ በአፉ እየተነፈሰ መዋጥ አይሆንለትም።

ማንኪያው ትንሽና ጎድጓዳ ያልሆነ ይሁን። ልጁ አይቶት አፉን እስኪከፍት ከከንፈሩ ፊት ይቆይ፤ ከዚያ ምላሱ መሃል ድረስ ሳይገፋ ጫፉ ላይ ወይም በጎን በኩል ድዱ ላይ ይረፍ፤ ከንፈሩ ራሱ ይጠርገው። ብዙዎቻችን ማንኪያውን ወደ ላይ እያነሣን ላንቃው ላይ እንፍቀዋለን፤ ቋቅ የሚያሰኘው አንዱ ይህ ነው። አንድ ልጅ የተቀቀለ ድንች ሲለማመድ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ይጨምቀዋል፣ በጣቶቹ መካከል የወጣውን ይልሰዋል፣ ፊቱን ይቋጥራል፣ አንድ ቁራሽ ወደ ውስጥ ሲዘልቅበት ቋቅ ብሎ ከንፈሩ ላይ ይመልሰዋል፣ የመለሰውን ደግሞ አይቶ እንደገና አፉ ውስጥ ያስገባዋል። እናቲቱ በዚህ መካከል «ውይ ልጄን!» ብላ ብትጮህ የሚያስደነግጠው ድንቹ መሆኑ ይቀርና ጩኸቷ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ገና ሳህኑን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አንድን ምግብ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ቀምሶ ነው የሚለምደው።

ስለ መጋት እናገር። ልጅ እምቢ ሲል አፍንጫውን ይዞ ወይም በመዳፍ አጥሚት አፉ ውስጥ አፍስሶ መጋት በእኛ አገር የቆየ ነገር ነው፤ ከፍቅር የመነጨ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን የሚጋት ልጅ እያለቀሰ ስለሚተነፍስ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ የሳንባ ምችም ሊያስከትል ይችላል። ከዚያም ባሻገር ምግብና ፍርሃት በአእምሮው አንድ ላይ ይቀመጣሉ።

አያቶች እንዳይቀየሙኝ እየለመንሁ ስለ እንጥልም ላንሣ። ቋቅ የሚል ልጅ ይዘው የመጡ አያት አንድ ጊዜ «ልጄ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው እኮ፤ ቢቆረጥለት በተገላገለ» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ አብረን እንየው» ብዬ በባትሪ አፉን አሳየኋቸው፤ ቀጥሎ የእኔን፣ ከዚያም የልጁን እናት። ሁላችንም ዘንድ እንጥል የተንጠለጠለው እዚያው ቦታ ነው። እንጥል ከለስላሳው ላንቃ ጋር ሆኖ ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ይረዳል፤ ቋቅ የሚያሰኘውም እርሱ አይደለም። በምላጭ ማስቆረጥ ደም መፍሰስን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ መንጋጋ ቆልፍንና በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያስከትላል፤ መዋጡም ይብስ ይከብደዋል። የወተት ጥርስ ማስነቀልም ከዚሁ የሚመደብ ጎጂ ልማድ ነው።

የሰው ዓይን እንዳያገኘው ተብሎ ልጅን በነጠላ ከልሎ ለብቻው ማብላትም አለ። እምነቱን ልከራከር አልመጣሁም፤ ግን አንድ ነገር ይቀርበታል። ልጅ ማኘክን የሚማረው ሲያኝኩ በማየት ነው። እንግዳ ባለበት ባትፈልጉ እንኳ ከቤተሰቡ ጋር ከመሶቡ ዳር ይቀመጥ፣ የእህቱንና የወንድሙን አፍ ይመልከት።

እህትና ወንድም ካልሁ አይቀር፣ ማስጠንቀቂያዬ ስለ ቆሎ ነው። ቤታችን ቆሎ አያጣም፤ ታላቅ ልጅ ደግሞ ለታናሹ ማካፈል ይወዳል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ የሽንብራና የባቄላ እሸት፣ ጥሬ ካሮት፣ ከረሜላ ለሕፃን የሚሰጡ አይደሉም፤ ጠንካራና ትንሽ ስለሆኑ ማኘክ በደንብ ያልተማረ ልጅ የአየር ቧንቧ ውስጥ ይገባሉ፣ ቋቅ ማለት የሚመልሳቸውም አይደሉም። ማርም ዓመት ሳይሞላ አይሰጥም።

ጾምን በተመለከተ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጡት የሚጠባ ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም። ችግሩ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ በጾም ወራት ዕንቁላልና ወተት ከቤት መጥፋቱ ነው፤ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ይህን ይፈታል። የተደፈጠጠ ቅቅል ዕንቁላል በጥቂት ወተት ሲለዝብ፣ ቋቅ ለሚል ልጅ ከምጀምርላቸው ምግቦች አንዱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እናት «ታዲያ መቼ ነው ልፈራ የሚገባኝ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሱ ለሁላችሁም ስለሚሆን እዚህ እጽፈዋለሁ። ጡት ሲጠባም ትን የሚለው ወይም የሚያስለው፣ ሲመገብ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ወተት በአፍንጫው የሚመለስበት፣ ከበላ በኋላ ድምፁ የሚለወጥበት፣ የሳንባ ምች የሚመላለስበት፣ በየማዕዱ የሚያስመልስ፣ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ያልቻለ፣ ለሳምንታት በትዕግሥት ተሞክሮም እስከ 10ኛውና 12ኛው ወር ምንም ጓል የማይቀበል፣ ወይም በእድገት ክትትል ካርዱ ላይ መስመሩ የቆመ ልጅ በምክር ብቻ አይታለፍም፤ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ላንቃው፣ አዋዋጡና አጠቃላይ እድገቱ መታየት አለበት። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ከሆነ ወሩ የሚቆጠረው ሊወለድ ይገባው ከነበረበት ቀን ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ8 ወር ልጅ አፉ የ6 ወር ልጅ አፍ ነውና ከእኩዮቹ ጋር አታወዳድሩት። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣቡ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ግን ቋቅ ይበልም አይበል በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ።